አጣሪው ሸንጎ ያልጠራቸው ምስክሮች

የካውቦይ ፊልም የሚወድ ሰው ይህችን ትዕይንት ያውቃታል። በምሽጉ ውስጥ፣ ከእንጨት በተሠራ ክፍል ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ከጠረጴዛው ጀርባ ሰማያዊ የደንብ ልብስ የለበሱ ባለ ጢም መኮንኖች ተደርድረዋል። ፊት ለፊታቸው አንድ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከኋላ የሰፈሩ ሰው ያጉረመርማል። ምስክር ይጠራል፣ ይምላል፣ ይዋሻል። ጠበቃው ይጠይቃል፣ ደግሞ ይጠይቃል። በመጨረሻ ማንም ያልጠረጠረው ሰው ላብ ያጠምቀዋል፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «አዎ! እኔ ነኝ!» ይላል። ሸንጎው ይበተናል። ንጹሑ ሰው ባርኔጣውን አጥልቆ ወደ ፈረሱ ይሄዳል።

ተመልካቹም እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ።

የታሪክ ትክክለኛነት ጉዳይ የሚያንገበግባቸው የፊልም አፍቃሪዎች በእነዚህ ፊልሞች ላይ የሚያነሱት ስህተት ሞልቷል። ታሪኩ በ1870ዎቹ እየተካሄደ ጀግናው በ1892 የወጣ ዊንቸስተር ጠመንጃ ይዞ ያንጣጣል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1941 በወጣውና ኤሮል ፍሊን ኩስተርን ሆኖ በሠራበት ፊልም፣ ጀግናው ጸጉሩን አስረዝሞ ጎራዴ ይዞ ይወድቃል። እውነተኛው ኩስተር ለዚያ ዘመቻ ሲወጣ ጸጉሩን ተቆርጦ ነበር። ጦሩም ጎራዴዎቹን ከኋላ ትቶ ነው የሄደው።

እነዚህ ስህተቶች ለጨዋታ ጥሩ ናቸው፣ ማንንም ግን አይጎዱም። የጠመንጃው ሞዴል በመሳሳቱ ስሙ የጠፋ ሰው የለም። ትልቁ ስህተት ማንም የማይቆጥረው ነው፤ ያውም በዚያች በምርመራ ትዕይንት ውስጥ ተቀምጧል። ፊልሞቹ ምርመራ ሁልጊዜ መጨረሻ እንዳለው ይነግሩናል። ጠረጴዛ ከተዘረጋና ሰው ከማለ እውነቱ ይወጣል ይላሉ። በእውነተኛው የአሜሪካ ምዕራብ ታሪክ የተቀመጡት ሸንጎዎች ግን እንዲህ አልነበሩም።

▪️ በሆቴል የተቀመጠው ሸንጎ

ከሁሉም ዝነኛው የተቀመጠው በምሽግ ውስጥ አልነበረም። ቺካጎ ከተማ፣ ፓልመር ሃውስ በሚባል ትልቅ ሆቴል ነበር። ዕለቱ ጃንዋሪ 13 ቀን 1879 ነው። ጉዳዩ የሻለቃ ማርከስ ሪኖ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ነው። ጁን 25 ቀን 1876 በሞንታና፣ በሊትል ቢግሆርን ወንዝ አጠገብ፣ በሌተና ኮሎኔል ጆርጅ አርምስትሮንግ ኩስተር የሚመራው 7ኛው ፈረሰኛ ጦር የላኮታና የሻየን ሕዝቦች የሰፈሩበትን እጅግ ሰፊ መንደር ለማጥቃት ተነሣ። ኩስተር ጦሩን ከፋፈለው። ሪኖ ወንዙን ተሻግሮ መንደሩን ከደቡብ በኩል እንዲመታ ታዘዘ። ሻምበል ፍሬድሪክ ቤንቲን ሌላ አቅጣጫ ተሰጠው። ኩስተር ራሱ በአምስት ሻምበል የተደራጀ ጦር ይዞ በኮረብታው ጀርባ ወደ ሰሜን ነጎደ። እስከ መጨረሻው አብረውት ከቆዩት 210 ያህል ሰዎች አንድም ወታደር በሕይወት አልተመለሰም።

ሪኖ ግን ተረፈ። ጥፋቱም ይኸው መትረፉ ሆነ።

መንደሩ ከገመቱት በላይ ሰፊ ነበር። ሪኖ ግስጋሴውን አቆመ፣ ከዚያ ወደ ዛፎቹ አፈገፈገ። እዚያ አጠገቡ የነበረው ብለዲ ናይፍ የተባለ ቃኚ ጭንቅላቱን በጥይት ተመታ፣ ደሙም በሻለቃው ፊት ላይ ተረጨ። ሪኖ «ፈረስ ላይ ውጡ» አለ፣ «ውረዱ» አለ፣ እንደገና «ውጡ» አለ። ቀጥሎ የሆነው አንዳንዱ «ማፈግፈግ»፣ አንዳንዱ «መሸሽ» የሚለው ነገር ነው። በወንዙ ማዶ ያለው ኮረብታ ላይ እስኪደርሱ ከ30 በላይ ሰው አለቀበት። ቤንቲን ኮረብታው ላይ አገኘው፤ ሁለቱ መሽገው እስከ ማግስቱ ተከበው ዋሉ፣ አደሩ። ኩስተር የት እንደደረሰ የተረጋገጠው ጁን 27 ቀን ረዳት ጦር ሲመጣ ነው።

አገሩ ደነገጠ። አሜሪካ መቶኛ ዓመቷን ልታከብር ስትዘጋጅ የደረሰባት መርዶ ነበር። መርዶ ደግሞ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ኩስተር ሞቷል፣ ባለቤቱ ኤልሳቤጥ ለስሙ የቆመች ወጣት መበለት ናት፤ በእርሷ ፊት ሟቹን መውቀስ ነውር ሆነ። ፍሬድሪክ ዊተከር የተባለ ደራሲ በዚያው ዓመት የኩስተርን የሕይወት ታሪክ አሳትሞ ጣቱን ወደ ሪኖ ቀሰረ። በ1878 ደግሞ ጉዳዩ እንዲመረመር የጻፈው ደብዳቤ በጋዜጣ ወጣ። ሪኖም ስሙን ለማጥራት ምርመራው ይደረግልኝ ብሎ ራሱ ጠየቀ።

እዚህ ላይ ፊልሞቹ የሚያደበላልቁት አንድ ነገር አለ። የምርመራ ሸንጎና የጦር ፍርድ ቤት አንድ አይደሉም። የጦር ፍርድ ቤት ይከስሳል፣ ይፈርዳል፣ ማዕረግ ይገፍፋል፣ ያስራል። የምርመራ ሸንጎ ግን ጭብጥ ይሰበስባል፣ ከታዘዘም አስተያየት ይሰጣል፣ በዚያ ያበቃል። የቺካጎው ሸንጎ ሦስት ከፍተኛ መኮንኖችና አንድ መዝጋቢ መኮንን ነበሩት። በዚያ ላይ በሊትል ቢግሆርን ለተፈጸመ ጥፋት ክስ የሚቀርብበት የሁለት ዓመት ይርጋ አልፎ ነበር። ሪኖ ፈሪ ነበር ቢባል እንኳ የሚከተለው ቅጣት አልነበረም።

«ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሟል» የሚለውን ዜና ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ አይኖርም። ውጤቱን የሰማ ግን ጥቂት ነው። የፓልመር ሃውሱ ጉባኤ ለዚህ ጆሮ እንግዳ አይሆንም።

ለአራት ሳምንት ያህል 23 ምስክሮች ተሰሙ። የቺካጎ ጋዜጦች በየቀኑ እየተከተሉ አተሙ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ የከበደው ቀላል የሚመስለው ነበር፦ በኮረብታው ላይ ሳላችሁ ከኩስተር በኩል ተኩስ ሰምታችኋል? ሪኖና ቤንቲን በዚያ በኩል ከባድ ውጊያ መኖሩን የሚያሳይ ተኩስ አልሰማንም አሉ። አብረዋቸው ከነበሩት መኮንኖች መካከል ግን ሰማን ያሉ ነበሩ። አንድ ኮረብታ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ዓይነት ጆሮ። የሰሙ ከሆነ ለምን አልሄዱም? ካልሰሙ ደግሞ ሌላው እንዴት ሰማ? በስንቅ የተጫኑ በቅሎዎችን ይነዱ የነበሩ ሁለት ሲቪል ሠራተኞች ሻለቃው ያን ሌሊት ሰክሮ ነበር ብለው መሰከሩ። መኮንኖቹ አልሰከረም አሉ።

ታዲያ ሸንጎው ምን አለ? ከበታቾቹ አንዳንዶቹ በጀግንነታቸው ከሪኖ የበለጠ ለጦሩ ደኅንነት ሠርተዋል አለ። ሆኖም በሪኖ አድራጎት ላይ ሸንጎው ሊወቅሰው የሚገባ ነገር አላገኘም ብሎ ደመደመ። በግራ እጁ ሰጠ፣ በቀኙ ወሰደ። ነጻ የወጣ ሰው እንዲህ ባለ አነጋገር ነጻ አይወጣም። የተከሰሰም እንዲህ ባለ አነጋገር አይረታም። መዝገቡ ተዘጋ፤ ጥያቄው ግን አልተዘጋም።

ሪኖ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በ1880 በመጠጥና በጸያፍ ምግባር በሌላ ክስ፣ በእውነተኛ የጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶበት ከሠራዊቱ ተባረረ። በ1889 ተዋርዶ ሞተ። በ1967 የሠራዊቱ የመዝገብ አራሚ ቦርድ ጉዳዩን አይቶ መባረሩን ሻረለት። አጽሙም ተነሥቶ በዚያው በጦር ሜዳው መካነ መቃብር በክብር ዐረፈ። ከሞተ ከ78 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

▪️ ሆሊውድ ሲያጣራ

በ1956 ራንዶልፍ ስኮት የሠራበት «7ኛው ፈረሰኛ ጦር» የተሰኘ ፊልም ይህንኑ ምርመራ ሊያሳይ ሞከረ። በፊልሙ ውስጥ ሸንጎው የሚቀመጠው ከውጊያው በኋላ ወዲያው፣ በዚያው በጦሩ ምሽግ ነው። መርማሪው ኮሎኔል የጀግናው እጮኛ አባት ነው! ጀግናው ሻምበል ቤንሰን በውጊያው ዕለት እጮኛውን ሊያመጣ ፈቃድ ወስዶ የሄደ በመሆኑ ፈሪ ተብሏል። ሪኖና ቤንቲን ቀርበው ኩስተርን ይወቅሳሉ፤ ቤንሰን ደግሞ የሞተውን አዛዡን ስም ይከላከላል።

ቦታው ተሳስቷል፣ ጊዜው ተሳስቷል፣ ሰውየውም ፈጠራ ነው። ይህ ሁሉ ይቅር የሚባል ነው። ይቅር የማይባለው ፊልሙ የምርመራውን ጥያቄ የሚፈታበት መንገድ ነው። ቤንሰን የኩስተርን አስከሬን ለማምጣት ወደ ጦር ሜዳው ይዘምታል፣ ደፋርነቱን ያሳያል፣ በዚህም ጥያቄው ያበቃል። «ማን አጠፋ?» የሚለው «ማን ጀግና ነው?» በሚለው ይተካል። እውነተኛው የቺካጎ ሸንጎ ቢያንስ ጥያቄውን አልቀየረም፤ መልሱን ነው የሸሸው።

ጆን ፎርድ ከዚህ ብልህ ነበር። በ1948 «ፎርት አፓቼ»ን ሲሠራ ስሞቹን ቀይሮ የኩስተርን ታሪክ ተረከ። ሄንሪ ፎንዳ ግትሩን ኮሎኔል ተርስዴይን፣ ጆን ዌይን ደግሞ ምክሩ ያልተሰማለትን ሻምበል ዮርክን ሆነው ሠሩ። ኮሎኔሉ በግትርነቱ ወታደሮቹን ያስጨርሳል። ወደ ኋላ የተላከው ዮርክ ይተርፋል፤ እንደ ሪኖ፣ እንደ ቤንቲን። ከዚያ የምርመራ ትዕይንት ይጠበቃል። አይመጣም። በምትኩ ዮርክ በጋዜጠኞች ፊት ይቆማል። ጋዜጠኞቹ የኮሎኔሉን የመጨረሻ ውጊያ የሚያሳይ ዝነኛ ሥዕል ያነሣሉ። ዮርክ ሥዕሉ ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ ግን ልክ ነው ይላል። ለጦሩ ክብር ሲል እውነቱን ይውጣል።

ይህ ትዕይንት ከፈጠራ ይልቅ ለታሪክ የቀረበ ነው። በ1896 አንድ ትልቅ የቢራ ጠማቂ ኩባንያ የኩስተርን የመጨረሻ ውጊያ የሚያሳይ ሥዕል አባዝቶ ለመጠጥ ቤቶች አደለ። ከቺካጎ መዝገብ ይልቅ የመጠጥ ቤቱ ሥዕል ነው የአገሩን ሕዝብ ታሪክ ያስተማረው። ብርጭቆውን ያነሣ ሁሉ ዐይኑ ኩስተር ላይ ያርፍ ነበር።

▪️ ያልተጠሩት

አሁን ወደ ቺካጎው የምስክሮች ወንበር መመለስ ያስፈልጋል፤ የተቀመጡበትን ሳይሆን ያልተቀመጡበትን ለማየት።

ኩስተር ከኮረብታው ጀርባ ከተሰወረ በኋላ ምን እንደደረሰበት በዐይናቸው ያዩ ሰዎች ነበሩ። በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በመንደሩ የነበሩት ላኮታዎችና ሻየኖች ናቸው። ሪኖ ያፈገፈገበትን ቅጽበት ከፊቱ ሆነው ያዩት እነርሱ ናቸው። ሸንጎው ከእነርሱ አንድ ሰው እንኳ አልጠራም።

ያልጠራው ስለማይናገሩ አልነበረም። ሬድ ሆርስ የተባለ የሚኒኮንጁ ላኮታ መሪ ሸንጎው ከመቀመጡ በፊት፣ በ1877፣ ስለ ውጊያው ለጦር መኮንን ቃሉን ሰጥቶ ነበር። በ1881 ደግሞ ውጊያውን ከ40 በላይ በሆኑ ሥዕሎች ሥሎ አስቀመጠው። በሥዕሎቹ ላይ ሟች ወታደሮች አሉ፣ ሟች ተዋጊዎች አሉ፣ ሟች ፈረሶች አሉ፤ የሰው ሁሉ ዐይን የሚያርፍበት ባለ ረጅም ጸጉር ጀግና ግን የለም።

የእነዚህ ሰዎች ቃል ለረጅም ጊዜ «እርስ በርሱ ይጋጫል» እየተባለ ወደ ጎን ተገፋ። የመኮንኖቹም ቃል ይጋጭ ነበር፤ ያኛው ግን መዝገብ ሆነ። በ1983 የጦር ሜዳውን ሣር እሳት በላው። መሬቱ ሲራቆት የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በብረት መፈለጊያ መሣሪያ አሰሱት። ቀለሆችን እያነሡ የትኛው ጠመንጃ ከየት ወዴት እንደተንቀሳቀሰ ተከተሉ። ከዚያ የወጣው ምስል ከቢራው ሥዕል ይልቅ ነባሮቹ ሕዝቦች ሲናገሩት ለኖሩት ይቀርብ ነበር፤ ቢያንስ በአንዳንዱ የሜዳው ክፍል ረጅም የጀግንነት ውጊያ ሳይሆን ሥርዓቱ የፈረሰ ጦር ታየ። መቶ ዓመት ያልተጠራው ምስክር ቀርቶ፣ ቀለሁ ቀድሞት መሰከረ።

በካውቦይ ፊልሞቹስ? በ1956ቱ ሸንጎም ከእነርሱ የቀረበ ምስክር የለም። ፊልሙ ቦታውን ሳተ፣ ዓመቱን ሳተ፣ ይህችን አንዷን ነገር ግን ሳያስበው በትክክል ገለበጣት። የሸንጎውን ዝምታ ወርሶ አስተላለፈው።

▪️ ሁለት ተከሳሾች፣ አንድ ዓመት

ፎርድ በ1960 እንደገና ወደ ወታደራዊ ችሎት ተመለሰ። «ሰርጀንት ሩትሌጅ» ይባላል። 9ኛው ፈረሰኛ ጦር ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1866 ከተቋቋሙት የጥቁር ወታደሮች ጦሮች አንዱ ነው። የጦሩ አባል ብራክስተን ሩትሌጅ አንዲት ነጭ ልጃገረድን ደፍሮ ገድሏል፣ አዛዥ አባቷንም ገድሏል ተብሎ በአሪዞና ይከሰሳል። ሩትሌጅን ሆኖ የሠራው ዉዲ ስትሮድ ነው። ኢትዮጵያውያን ተመልካቾች ስሙን ባያውቁት እንኳ መልኩን ያውቁታል፤ «አሥርቱ ትእዛዛት» ላይ በፈርዖን ፊት የቀረበው የኢትዮጵያ ንጉሥ እርሱ ነው።

በ1960 በሆሊውድ ጥቁር ሰውን የፊልሙ ጀግና ማድረግ፣ ያውም በዚህ ክስ፣ ድፍረት ነበር። ሩትሌጅ በምስክር ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲናገር የሚቆየው ክብር እስከ ዛሬ አልደበዘዘም። ፍጻሜው ግን ያው የለመድነው ነው። ጠበቃው ያፋጥጣል፣ እውነተኛው ወንጀለኛ በችሎቱ መካከል ይናዘዛል፣ ሩትሌጅ ነጻ ይወጣል። ፊልሙ 111 ደቂቃ ይፈጃል።

ታሪኩ የሚካሄደው በ1881 ነው። በዚያው በ1881፣ በቴክሳስ በፎርት ዴቪስ፣ አንድ እውነተኛ ጥቁር የፈረሰኛ መኮንን በጦር ፍርድ ቤት ቆሞ ነበር። መቶ አለቃ ሄንሪ ፍሊፐር ይባላል። በ1856 በጆርጂያ በባርነት የተወለደ፣ በ1877 ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ነው። ከያዘው የስንቅ ሒሳብ ወደ 3,800 ዶላር አጉድሏል ተብሎ ተከሰሰ። ጉድለቱን ሲያውቅ ደብቆ ነበር፤ የበላዮቹን ፈራ። የከተማው ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የጎደለውን ሞሉለት።

ፍርድ ቤቱ ገንዘብ በማጉደል ከቀረበበት ክስ ነጻ አለው። «ለመኮንን የማይገባ አድራጎት» በሚለው ግን ጥፋተኛ አለው። አልሰረቅህም፣ ግን ውጣ እንደማለት ነው። በጁን 1882 ከሠራዊቱ ተባረረ። በችሎቱ ብድግ ብሎ «እኔ ነኝ!» ያለ ሰው አልነበረም።

ፍሊፐር ከዚያ በኋላ መሐንዲስና ቀያሽ ሆኖ ሠራ፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም በባለሙያነት አገለገለ፣ ስሙ እንዲመለስለት ለምክር ቤቱ ደጋግሞ አመለከተ። በ1940 ሳይመለስለት ሞተ። ሠራዊቱ ስንብቱን ወደ ክብር ስንብት የቀየረው በ1976 ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ምሕረት የሰጡት በፌብሩዋሪ 1999 ነው፤ ከተባረረ ከ117 ዓመት ገደማ በኋላ።

ሩትሌጅ 111 ደቂቃ። ፍሊፐር 117 ዓመት።

እንግዲህ የታሪክ ትክክለኛነት የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ነው መለካት ያለበት። የሩትሌጅ ፊልም ውሸት አይደለም፤ ደግ ምኞት ነው። ግን ደግ ምኞት እንደ ታሪክ ሲወሰድ ተመልካቹን አንድ ነገር ያስተምረዋል፦ ንጹሕ ሰው ከሆንክ ችሎቱ ነጻ ያወጣሃል። ይህን ያመነ ሰው ደግሞ ነጻ ያልወጣውን ሲያይ «አንድ ነገር ቢኖርበት ነው» ይላል። ፍሊፐርን ዕድሜውን ሙሉ የተከተለው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። ሪኖንም እንዲሁ።

ይህ ማለት ፊልሞቹ አይታዩ ማለት አይደለም። «ፎርት አፓቼ» ደጋግሞ ቢታይ አይሰለችም፤ «ሰርጀንት ሩትሌጅ»ም ከብዙ የዛሬ ፊልም ይሻላል። ነገር ግን መኮንኖቹ ከረጅሙ ጠረጴዛ ጀርባ ሲደረደሩ፣ ከባርኔጣቸውና ከጠመንጃቸው በፊት ሦስት ነገር ማየት ይጠቅማል። ሸንጎውን ማን ሰበሰበው? የመፍረድ ሥልጣን አለው ወይስ የመስማት ብቻ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በዕለቱ በቦታው የነበረ ሆኖ ሳለ ያልተጠራው ማን ነው?

አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። ልክ ናቸው። የሆሊውድ ስህተት ንጋቱን ማሳየቱ አይደለም፤ ሌሊቱን መቁረጡ ነው። ሪኖ ሌሊቱን አልጨረሰውም። ፍሊፐርም አልጨረሰውም። ሬድ ሆርስ ደግሞ ያየውን ሥሎ አስቀመጠና የሚጠራው ሸንጎ ሳይመጣ ሄደ።